ንባቡና ትርጓሜው፦ ከዳይኖሰር አጥንት ኑሮን ለማወቅ በሚደረገው ጥናት የሚያስፈልጉ የአማርኛ ስያሜዎች

1. የጉዳዩ መነሻ

ከአዕዋፍ በቀር የዳይኖሰር ወገን ሁሉ ዘሩ ከጠፋ 66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። እነዚህ እንስሳት እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር የምናውቀው በአብዛኛው ከአጥንታቸው ነው። ሥጋው በስብሷል፤ ደሙ ደርቋል፤ ድምፁ ጠፍቷል። አጥንቱ ግን በደለል ተቀብሮ፣ ማዕድን ሰርጎበት፣ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ቆይቷል። የሙያው ሊቃውንት ይህን አጥንት ቆርጠው፣ አሳስተው፣ በአጉሊ መነጽር መርምረው እንስሳው በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ፣ ፈጥኖ ወይስ ዘግይቶ እንዳደገ፣ በውሃ ውስጥ ወይስ በየብስ እንደ ዋለ ይነግሩናል።

ይህን ዕውቀት በአማርኛ ለማቅረብ የተነሣ ተርጓሚ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛው የቃል እጥረት ነው፤ ይኸኛው በሁሉም የሙያ መስክ የታወቀ ስለ ሆነ መፍትሔ የሚፈለግለትም በታወቀው መንገድ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይታለፋል፤ ይኸውም ሊቃውንቱ በአጥንቱ ላይ ያዩትንና ካዩት ተነሥተው የደረሱበትን መደምደሚያ ለይቶ የመናገር ችግር ነው። የውጭው ጽሑፍ «ይህ ሊሆን ይችላል» ያለውን የእኛ ትርጉም «ይህ ነበር» ካለ፣ አንባቢው ግምቱን እንደ ግኝት ይቀበለዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግምቱ ሲለወጥ ደግሞ ያው አንባቢ ሳይንሱን ራሱን እንደ ሐሰት ይቆጥረዋል። በአማርኛ ለሚማር ሕፃን የሚዘጋጅ መጽሐፍ ሲሆን ጉዳቱ የበለጠ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ችግሮች አያይዘን እንመለከታለን። መርሓችንን የምንወስደው ከራሳችን የትምህርት ባህል ነው። የመጻሕፍት መምህራን ንባብንና ትርጓሜን ለይተው ያስተምራሉ፤ ንባቡ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጓሜው «አንድም» እየተባለ ሊበዛ ይችላል። አጥንቱም ንባብ ነው፤ ስለ እንስሳው ኑሮ የሚነገረው ትርጓሜ ነው። ስለዚህ የሙያ ቃል ሲሰየም ስሙ ከንባቡ እንጂ ከትርጓሜው መወሰድ የለበትም የሚል አሳብ እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. አጥንቱ ከየት፣ ቃሉ ከየት?

በአገራችን የዳይኖሰር ቅሪት መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ፣ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ከሚባለው የአለት ንጣፍ፣ የዳይኖሰር ጥርሶች የሚገኙባቸውን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት ቅሪቶች ገልጸዋል። ንጣፉ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በዕድሜ ከሱ ጋር የሚቀራረበውና በአፍሪካ እጅግ የታወቀው ሥፍራ በታንዛንያ የሚገኘው ተንዳጉሩ ነው። ከ1909 እስከ 1913 የጀርመን ቡድን ከዚያ ያወጣቸው አጥንቶች በበርሊን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከእነዚህም መካከል ጊራፋታይታን የተባለው አንገተ ረጅም ዳይኖሰር ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ ይዞ ቆሟል። ማርቲን ዛንደር የተንዳጉሩን ረጃጅም አጥንቶች ውስጣዊ አሠራር መርምሮ ውጤቱን በ2000 ባሳተመ ጊዜ፣ እነዚያ ግዙፋን እንስሳት ለግዝፈታቸው የበቁት ለብዙ መቶ ዓመት በዝግታ በማደግ ሳይሆን ፈጥነው በማደግ መሆኑን የሚያመለክት ማስረጃ አቅርቧል።

ታዲያ በሰሜን ወሎ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጎብዬ ከዚህ ነገር ጋር ምን ያገናኛታል? በአጥንት በኩል ከሆነ የሚያገናኛት ነገር የለም። የራያን ቆላ በስተምዕራብ የሚያዋስነው ተራራ በአብዛኛው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ከተራራው ታጥቦ የወረደ ደለል ነው። ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ በተፈጠረ ድንጋይ ውስጥ ዳይኖሰር አይፈለግም።

ጎብዬ የምትሰጠን አጥንቱን ሳይሆን ቃሉን ነው። ቆላው የከብት አገር ነው፤ ከብት አርቢም ከእንስሳ አካል ላይ ዕድሜንና ኑሮን ማንበብ ያውቅበታል። ወይፈን ሲገዛ አፉን ከፍቶ የታችኛውን የፊት ጥርስ ያያል፤ የወተት ጥርሶቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በቋሚ ጥርስ ስለሚለወጡ ስንት ጥንድ እንደ ተለወጠ ቆጥሮ ዕድሜውን ይገምታል። ላም ሲገዛ ቀንዷን ይዳስሳል፤ በየእርግዝናው ቀንዷ ላይ ቀለበት ይቀራልና። ሥጋ ሻጩም በበኩሉ ቅልጥም ሲሰብር የጥጃውን ከአሮጌው በሬ በአጥንቱ ልስላሴና ጥንካሬ ይለያል። ይህ ሁሉ በመሠረቱ የዳይኖሰር ተመራማሪው ከሚሠራው ሥራ ጋር ወንድማማች ነው።

ከዚህም በላይ አካባቢው አማርኛ ከትግርኛ፣ ከኦሮምኛና ከአፋርኛ ጋር የሚጎራበትበት ነው። ግእዙ ዐጽም፣ ትግርኛው ዓጽሚ፣ አማርኛው አጥንት የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው፤ በአማርኛው የጥንቱ ጸ ወደ ጠ ተለውጧል፤ ፀሐይን ጠሐይ እንደሚለው አነጋገር ማለት ነው። በኩሽ ወገን ደግሞ ኦሮምኛው ላፌ፣ አፋርኛው ላፋ ይለዋል። አንድ የሙያ ቃል በአማርኛ ሲሰየም በእነዚህ ጎረቤት ቋንቋዎች ሊተረጎም መቻሉ ጠቃሚ መመዘኛ ነው፤ ከሚታይ ነገር የተወሰደ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በቀላሉ ይሻገራልና።

3. አጥንት፣ ዐፅምና ቅሪተ አካል

ሦስቱ ቃላት በጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሲቀላቀሉ ይታያሉ። አጥንት አንዱ ክፍል ነው፤ የጭን አጥንት፣ የጎድን አጥንት እንደሚባለው። ዐፅም በዛሬው አማርኛ ሁለት ነገር ይገልጻል፦ በአንድ በኩል ተጋጥሞ አካልን የሚሸከመውን የአጥንት ሁሉ ድምር፣ በሌላ በኩል ከመቃብር የሚወጣውን የሙት አጥንት። በሥነ ሕይወት ጽሑፍ የመጀመሪያው ፍቺ እንዲጸና ያስፈልጋል። ቅሪተ አካል ደግሞ ሰፊ ቃል ነው፤ አጥንትን ብቻ ሳይሆን ጥርስን፣ ቅርፊትን፣ የዕፅዋትን ቅሪት ጭምር ይይዛል። ስለዚህ «ቅሪተ አካሉ ተሰበረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተሰበረው ምን እንደ ሆነ አይነግረንም፤ «በድንጋይነት የቆየው የጭን አጥንት ተሰበረ» ማለት ይገባል።

ቅልጥም ሌላው አስቸጋሪ ቃል ነው። በሥጋ ሻጩ አነጋገር መቅኔ ያለው የእግር አጥንት ሁሉ ቅልጥም ይባላል፤ ስለ ሰው ሲነገር ግን ከጉልበት በታች ያለውን አጥንት ያመለክታል። በሙያ ጽሑፍ ሁለተኛው ፍቺ ቢጠበቅና የእጅና የእግር አጥንቶችን በጅምላ ለመጥራት «ረጅም አጥንት» የሚለው ቢሠራበት መደናገር ይቀራል።

ዳይኖሰር የሚለውን ስም በሚመለከት፣ ሪቻርድ ኦወን በ1842 ከግሪክኛ የሠራው ይህ ቃል ሲተረጎም «አስፈሪ እንሽላሊት» እንደ ማለት ነው። ዳይኖሰር ግን እንሽላሊት አይደለም፤ ሁሉም አስፈሪ አልነበረም፤ ዶሮ የሚያህልም ነበረው። ስሙን በአማርኛ መተርጎም የ1842ቱን ትርጓሜ እንደ ገና ማጽናት ስለሚሆን፣ በተለመደው መሠረት ዳይኖሰር ብሎ በውሰት መያዙ ትክክል ነው። መዋስ የቋንቋ ድህነት ምልክት ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አለ፤ እዚህ ግን መዋሱ ስሕተትን ላለመውረስ ይጠቅማል።

4. የአጥንት ውስጣዊ አሠራር

አጥንት ሲቆረጥ በዓይን የሚታየው የመጀመሪያው ልዩነት የጥቅጥቁና የክፍተታሙ ነው። ዳር ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ ነው፤ ጫፎቹና ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ለመጀመሪያው «ጥቅጥቅ አጥንት»፣ ለሁለተኛው «ሰፍነጋማ አጥንት» የሚሉትን እናቀርባለን። ሰፍነግ ከግእዝ ወንጌል ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ «ስፖንጅ መሰል» ከማለት ይሻላል። በመካከል ያለው ክፍት ቦታ «የመቅኔ ዋሻ» ሊባል ይችላል።

ከዚህ ያለፈውን ለማየት አጥንቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይሳሳል። ለዚህ ዝግጅት «ስስ ቁራጭ» የሚለው በቂ ነው። በስስ ቁራጩ ላይ የደም ሥር ያልፍባቸው የነበሩ ቀጫጭን ቦዮች ይታያሉ። ከእነዚህ ታዋቂዎቹ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ክሎፕተን ሐቨርስ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ገለጻቸው፣ በስሙ ይጠራሉ፤ እኛም «የሐቨርስ ቦይ» ብለን ብንይዘው መልካም ነው።

በቦዮቹ ዙሪያ ያለው የአጥንት ጭረት አደራደር ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው እንደ ተበተነ ክር በየአቅጣጫው የተጠላለፈ ነው፤ ሁለተኛው እንደ እንጨት ሳንቃ ሥርዓት ይዞ የተነባበረ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ አካል የመጀመሪያውን ዓይነት ይሠራል፤ ዝግ ብሎ የሚያድገው ሁለተኛውን ይሠራል። እንደ ላምና እንደ ሰጎን ያሉ ፈጥነው የሚያድጉ ትልልቅ እንስሳት ደግሞ ሁለቱን ያጣምራሉ፤ መጀመሪያ የተጠላለፈውን አጥንት በፍጥነት ይዘረጉና በውስጡ የቀሩትን ክፍተቶች በተነባበረ አጥንት ይሞላሉ። ይህ ጥምር ዓይነት በብዙ ዳይኖሰሮች አጥንት ውስጥ በብዛት መገኘቱን ፈረንሳዊው አርማን ደ ሪክሌ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው ሥራዎች አስረድቷል፤ ስለ ዳይኖሰር ዕድገት የነበረውን አመለካከት ከለወጡት ነገሮችም አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ይፈተናል። ጥምሩን ዓይነት «ፈጥኖ አደግ አጥንት» ብሎ ቢሰይመው ለአንባቢ ቶሎ ይገባል። ነገር ግን ቃሉ መደምደሚያውን በሆዱ ይዟል። «በዚህ ዳይኖሰር ፈጥኖ አደግ አጥንት ስለ ተገኘ ፈጥኖ አድጓል» ተብሎ ሲጻፍ ዐረፍተ ነገሩ ማስረጃ የሚያቀርብ ይመስላል እንጂ ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ለተጠላለፈው «ጥልፍልፍ አጥንት»፣ ለተነባበረው «ንብርብር አጥንት»፣ ለጥምሩ «ጥልፈ ንብርብር አጥንት» የሚሉትን እንመርጣለን። ሦስቱም በመነጽር የሚታየውን ብቻ ይናገራሉ።

አጥንት በሕይወት ሳለ ዘወትር ፈርሶ እንደሚሠራም መዘንጋት የለበትም። አሮጌው አጥንት ይበላና በቦታው አዲስ ይተካል፤ በዚህም የልጅነቱ መዝገብ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ነገሩ ተፍቆ እንደ ገና እንደ ተጻፈበት ብራና ነው። ለዚህ ሒደት «የአጥንት ዳግም ሥሪት»፣ ለውጤቱ «ዳግመኛ አጥንት» የሚሉት ይስማማሉ። የአንድን ዳይኖሰር ዕድሜ በመቁጠር የሚገኘው አኃዝ ብዙ ጊዜ «ቢያንስ» የሚል ቃል የሚቀድመው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ተርጓሚው ይህን «ቢያንስ» ከጣለው ቁጥሩን ሐሰት ያደርገዋል።

5. ቀለበት ወይስ መስመር?

በብዙ ዳይኖሰሮች የረጅም አጥንት ቁራጭ ላይ ዙሪያውን የሚዞሩ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ዕድገቱ ለተወሰነ ጊዜ ሲቆም መስመር ይቀራል፤ ሲቀጥል ሰፋ ያለ ንጣፍ ይታከላል። መስመሮቹን በመቁጠር ዕድሜ፣ በመካከላቸው ያለውን ስፋት በመለካት የዕድገት ፍጥነት ይገመታል። ግሪጎሪ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ2004 በዚህ ዘዴ እንደ ገመቱት ታይራኖሶረስ ሬክስ በጉርምስናው ጊዜ በቀን ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ይጨምር ነበር፤ ከመረመሯቸው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውም በ28 ዓመቱ ገደማ ሞቷል።

ለእነዚህ መስመሮች «የዓመት ቀለበት» የሚል ስም ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል። የጎብዬ አርቢ ስለ ላም ቀንድ የሚናገረው ግን ያስጠነቅቀናል። ቀንዷ ላይ ሦስት ቀለበት ያየ አርቢ «ሦስት ወልዳለች» ይላል እንጂ «ሦስት ዓመቷ ነው» አይልም። ዕድሜዋን ለመናገር በመጀመሪያ ስትወልድ ስንት ዓመት ሊሆናት እንደሚችል ይጨምራል፤ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፍቶ ካገኘውም ሳትወልድ ያለፈችው ዓመት እንዳለ ይጠረጥራል። ቀለበቱ ንባብ ነው፤ ወሊዱ የመጀመሪያው ትርጓሜ ነው፤ ዓመቱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ትርጓሜ ነው። የአጥንቱም መስመር እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ እንደሚሠራ ዛሬ ካሉት እንስሳት ታውቋል፤ ሆኖም በአንድ ዓመት ሁለት ሊሠራ ወይም ጭራሽ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል። «የዓመት ቀለበት» ካልነው ይህን የማይቻል እናስመስለዋለን፤ «በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የዓመት ቀለበት ሠራ» የሚል የማይረባ ዐረፍተ ነገርም ይወለዳል።

ስለዚህ «የዕድገት ዕረፍት መስመር» የሚለውን እናቀርባለን። ይህ ስያሜ ራሱ ከትርጓሜ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ ዕድገት ማረፉ በመነጽር አይታይምና። ይሁን እንጂ ዛሬ በሕይወት ባሉ እንስሳት ላይ በሙከራ የተረጋገጠ ስለ ሆነ ሊታገሡት የሚቻል ነው። መርሕ ለአገልግሎት እንጂ ለራሱ ሲባል አይጠበቅም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «ደመ ሞቃት» እና «ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው አከፋፈል ነው። የዕድገት ዕረፍት መስመር መኖሩ ለረጅም ጊዜ እንስሳው «ደመ ቀዝቃዛ» ለመሆኑ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀስ ነበር፤ አዞና እንሽላሊት መስመር አላቸውና። በ2012 ግን ማይከ ከለርና ባልደረቦቿ በሚያመሰኩ የዱር እንስሳት ላይ ባደረጉት ሰፊ ጥናት፣ እነዚህ ሙቀታቸውን ከውስጥ የሚያመነጩ እንስሳትም የችግር ወቅት በመጣ ቁጥር የዕድገት ዕረፍት መስመር እንደሚሠሩ አሳዩ። በበጋ መኖ ሲጠፋ ከብቱ እንደሚከሳና ጥጃው ዕድገቱ እንደሚገታ ለሚያውቅ ለራያ ቆላ ሰው ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ስያሜዎቹም ቢሆኑ የተሳሳቱ ናቸው። በቆቦ ሜዳ በቀትር ፀሐይ ድንጋይ ላይ የተዘረጋ እንሽላሊት ደሙ ቀዝቃዛ አይደለም። ልዩነቱ በደሙ ሙቀት ሳይሆን በሙቀቱ ምንጭ ስለ ሆነ «ሙቀት አመንጪ» እና «ሙቀት ተቀባይ» እንስሳ የሚሉት ነገሩን በትክክል ይገልጻሉ።

6. የመቅኔ ዋሻና የእንቁላል ወቅት

ዶሮ እንቁላል በምትጥልበት ወቅት በረጃጅም አጥንቶቿ የመቅኔ ዋሻ ውስጥ ለጊዜው ብቻ የሚቆይ አጥንት ታበጃለች፤ ለቅርፊቱ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ከዚያ ትወስዳለች። በ2005 ሜሪ ሽዋይትዘርና ባልደረቦቿ በአንድ ታይራኖሶረስ ሬክስ የጭን አጥንት ውስጥ ይህን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ተቀባይነት ካገኘ እንስሳዋ ሴት፣ ያውም እንቁላል ልትጥል የተቃረበች ወይም ጥላ የጨረሰች ነበረች ማለት ነው። ነገር ግን በሕመም ምክንያትም በመቅኔ ዋሻ ውስጥ አጥንት ሊበቅል ስለሚችል፣ በየጊዜው የሚገኘው ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር አለበት።

ይህን አጥንት «የእንቁላል አጥንት» ብንለው ስሙ ያምራል፤ ግን የታመመውን ወንድ ዳይኖሰር እንቁላል ያስጥለዋል። «ውስጠ መቅኔ አጥንት» ስንለው ቦታውን ብቻ እንናገራለን፤ ምክንያቱ ለክርክር ክፍት ሆኖ ይቆያል።

7. ድፍን አጥንትና የውሃ ኑሮ

በውሃ ውስጥ የሚጠልቁ ብዙ እንስሳት አጥንታቸው ከየብስ ዘመዶቻቸው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ክብደቱ ለመጥለቅ ይረዳቸዋል። ጉማሬ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ከሰሜን አፍሪካ የተገኘው ስፓይኖሶረስ የተባለው ሥጋ በል ዳይኖሰር የእግር አጥንቱ የመቅኔ ዋሻ የሌለው ያህል ድፍን ነው። በ2022 ማቴኦ ፋብሪና ባልደረቦቹ የብዙ እንስሳትን የአጥንት ጥቅጥቅነት አነጻጽረው ስፓይኖሶረስ በውሃ ውስጥ ጠልቆ ያድን ነበር ከሚል ውጤት ደረሱ። በ2024 ደግሞ ናታን ሚርቮልድና ባልደረቦቹ የንጽጽሩን ስሌት ተችተው ማስረጃው ለዚያ ድምዳሜ አይበቃም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ስለ አጥንቱ ድፍንነት ይስማማሉ። የሚለያዩት በትርጓሜው ነው።

ለእንዲህ ያለ ክርክር አማርኛ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። የአንድምታ መምህር የቀደመውን ትርጓሜ ሳይሰርዝ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሰሚውም ሁለቱ ከአንድ ንባብ እንደ ወጡ ያውቃል። ተርጓሚውም «አጥንቱ ድፍን ነው፤ ፋብሪና ባልደረቦቹ ጠልቆ ያድን ነበር ብለው ተረጎሙት፤ ሚርቮልድና ባልደረቦቹ ግን ማስረጃው አይበቃም አሉ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢውን ከነክርክሩ ያደርሰዋል። በሳይንስ አንዱ ትርጓሜ በጊዜው ሌላውን ሊያስወግደው እንደሚችል ብቻ መጨመር ይገባል።

8. ቅርቡ ምሳሌ፦ ድንቅነሽ

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በይበልጥ የሚጎላው ከራያ ቆላ በስተምሥራቅ ባለው በአፋር ምድር በተገኘችው በድንቅነሽ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ በሐዳር ያገኟት ይህች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ቅሪት ከዐፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተርፏል። የዳሌዋና የጉልበቷ አሠራር በሁለት እግር ትሄድ እንደ ነበር ያስረዳል፤ በዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም።

በ2008 አጥንቶቿ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጨረር ተነሥተው ከ35,000 በላይ የቁራጭ ምስሎች ተገኙ። ከእነዚህ ምስሎች በ2016 ሁለት የተለያዩ ጥናቶች ወጡ። ክሪስቶፈር ራፍና ባልደረቦቹ የክንዷን አጥንት ጥንካሬ ከጭኗ አጥንት ጥንካሬ ጋር አነጻጽረው ክንዷ ከሰው ይልቅ ወደ ቺምፓንዚ የሚጠጋ ብርታት እንደ ነበረው አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው ዛፍ መውጣት ከኑሮዋ ጉልህ ክፍል ነበር አሉ። አጥንት በሕይወት ሳለ በሚሸከመው ኃይል መጠን ስለሚጠነክር ድምዳሜው የታወቀ መሠረት አለው። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ደግሞ አንዳንድ ስብራቶቿ ከከፍታ በመውደቅ ከሚደርሱት ጋር ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም አሉ። ይህን ጆሃንሰን ራሱና ሌሎችም አልተቀበሉትም፤ የዚያ ዓይነት ስብራት ከሞት በኋላ በእንስሳት እግር በመረገጥና በአፈር ጫና ሊደርስ ይችላል በማለት ተቃውመዋል።

በአንድ ዐረፍተ ነገር «ድንቅነሽ በሁለት እግር የምትሄድ፣ ዛፍ የምትወጣ፣ ከዛፍ ወድቃ የሞተች ነበረች» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሦስት የተለያየ ክብደት ያላቸውን ነገሮች በአንድ ሚዛን አስቀምጧል። በአማርኛ ግን ደረጃን ለመለየት የሚያስችሉ ግሦች ሞልተዋል። ለአጠቃቀም እንዲመች የሚከተለውን አራት ደረጃ እናቀርባለን።

ሀ) በዓይን ወይም በመሣሪያ ለሚታየው፦ ይታያል፣ ተገኝቷል፣ ነው።
ለ) ከታየው በጽኑ ለሚከተለው፦ ያሳያል፣ ያስረዳል።
ሐ) ሚዛን ለሚደፋው ግን ለማያበቃው፦ ያመለክታል፣ ሳይሆን አይቀርም።
መ) ከብዙ አንዱ ለሆነው አሳብ፦ ይጠቁማል፣ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መሠረት የድንቅነሽ የዳሌ አሠራር በሁለት እግር መሄዷን ያስረዳል፤ የክንዷ ጥንካሬ ዛፍ ትወጣ እንደ ነበር ያመለክታል፤ ስብራቷ የወደቀች ልትሆን እንደምትችል ይጠቁማል። ካፕልማንና ባልደረቦቹ ራሳቸው ከፍ ባለ ደረጃ ተናግረው ቢሆን እንኳ፣ ተርጓሚው «እነርሱ እንደሚሉት» ብሎ ኃላፊነቱን ለባለቤቱ መመለስ ይችላል። «ተብሎ ይገመታል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ገማቹን ስለሚሰውር ባይበዛ ይመረጣል፤ ማን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከምን ተነሥቶ እንደ ገመተ መናገር ይሻላል።

9. የቀረቡት ስያሜዎች ማጠቃለያ

1) ረጅም አጥንት፦ የእጅና የእግር አጥንቶች የጅምላ ስም።
2) ቅልጥም፦ ከጉልበት በታች ያለው ዋናው አጥንት ብቻ።
3) ጥቅጥቅ አጥንት፦ የረጅም አጥንት የውጭ ግድግዳ የተሠራበት ክፍተት የሌለው አጥንት።
4) ሰፍነጋማ አጥንት፦ በጫፍና በውስጥ የሚገኝ ቀዳዳ የበዛበት አጥንት።
5) የመቅኔ ዋሻ፦ በረጅም አጥንት መካከል ያለው ክፍት ቦታ።
6) ስስ ቁራጭ፦ ለመነጽር ምርመራ ብርሃን እስኪያሳልፍ የሳሳ የአጥንት ቁራጭ።
7) የሐቨርስ ቦይ፦ በአጥንት ውስጥ የደም ሥር የሚያልፍበት፣ በተነባበረ አጥንት የተከበበ ቦይ።
8) ጥልፍልፍ አጥንት፦ ጭረቱ በየአቅጣጫው የተጠላለፈ።
9) ንብርብር አጥንት፦ ጭረቱ በሥርዓት የተነባበረ።
10) ጥልፈ ንብርብር አጥንት፦ የሁለቱ ጥምር።
11) የአጥንት ዳግም ሥሪት፦ አሮጌው አጥንት እየፈረሰ በአዲስ የሚተካበት ሒደት፤ ውጤቱ ዳግመኛ አጥንት።
12) የዕድገት ዕረፍት መስመር፦ ዕድገት ለጊዜው ሲቆም የሚቀር ዙሪያ መስመር።
13) ውስጠ መቅኔ አጥንት፦ በመቅኔ ዋሻ ውስጥ ለጊዜው የሚበቅል አጥንት።
14) ሙቀት አመንጪ፣ ሙቀት ተቀባይ፦ የአካላቸውን ሙቀት ከውስጥ የሚያመነጩና ከአካባቢያቸው የሚያገኙ እንስሳት።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በአጠቃቀም ሊሻሻሉ፣ አንዳንዶቹም በተሻለ ሊተኩ ይችላሉ። የሚፈተኑበት ቦታ ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ጠረጴዛ ብቻ መሆን የለበትም። ወይፈን በጥርሱ፣ ላም በቀንዷ በሚታወቁበት ገበያ ስሙ ተነግሮ፣ የሚታየው ነገር ተገልጾ፣ አርቢውና ሥጋ ሻጩ «ይህስ እንዲህ ይባላል» ቢሉ የእነርሱ ቃል ሊቀድም ይገባል። በየቆላው ያለው የአርቢ ቃል ገና በሚገባ አልተሰበሰበም፤ ቃሉን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ ዘወትር አይገኙም። ተርጓሚዎችና የመዝገበ ቃላት ሠራተኞች አዲስ ቃል ከመፍጠራቸው በፊት ይህን ክምችት እንዲፈትሹ፣ ያገኙትንም ከነሥፍራው መዝግበው እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።